በሬው የነበረበት ግድግዳ

ዕቅዱን እንዳዘጋጅ የተመደብኩት ሌላ ሰው ስላልፈለገው ነው። መርሳ ከተማ ለኪነ ጥበብና ለባህል የምታደርገው ድጋፍ የአምስት ዓመት ዕቅድ እንዲወጣለት ተወሰነ፤ ወልድያ ካለው መሥሪያ ቤታችን አንድ ባለሙያ ተጠየቀ፤ ከባልደረቦቼ አንዱ የልጁን ምርቃት፣ ሌላው ወገቡን ምክንያት አድርጎ ተወው። እኔም ምክንያት ነበረኝ። አላቀረብኩትም።

ምክንያቴ ከመርሳ መናኸሪያ እስከ ድልድዩ ባለው ዋና መንገድ ግራና ቀኝ ተስሏል። ባለቤቴ ጌትነት ጠዋት ትምህርት ቤት ሥዕል ያስተምር ነበር፤ ከሰዓት በኋላ የሱቅ ግድግዳና ታፔላ ይስላል። የጎሚስታው ክንፍ ያለው ጎማ፣ የፀጉር ቤቱ ሦስት ወንዶች፣ በወፍጮ ቤቱ በር ላይ እንደ ፏፏቴ የሚወርደው ዱቄት፣ የእትዬ ወርቅነሽ ሥጋ ቤት ቀይ በሬ፣ ሁሉም የእሱ እጅ ናቸው። ካረፈ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ከዚያ ወዲህ ወደ ደሴ ስሄድ ሚኒባሱ መርሳ ሲገባ ስልኬን አወጣና እሱኑ እያየሁ፣ ቀና ሳልል አልፋለሁ። አሁን ግን መርሳ ወራጅ ሆንኩ።

ሥራውን ስጀምር ሁዳዴ ገብቷል። ዕቅዱን የሚመራው ኮሚቴ ሁለት ሥራ ነበረው፤ አንዱ ዋናውን መንገድ ማስዋብ፣ ሁለተኛው የባህል ዕቅዱ። በማስዋቡ ሥራ በመንገዱ ዳር ያለ የሱቅ ግድግዳ ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ይቀባል፤ ታፔላው ሁሉ ተነሥቶ በአንድ መጠንና በአንድ ፊደል የታተመ ይሰቀላል። በባህል ዕቅዱ ረቂቅ ደግሞ አዳራሽ ይሠራል፣ የኪነት ቡድን ይቋቋማል፣ ለቡድኑ የባህል ልብስ ይሰፋል፣ በዓመት አንድ ጊዜ የባህል ቀን ይከበራል። ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። አንዱ የሚያጠፋውን ሌላው እደግፋለሁ እንደሚል ማንም ያየ አይመስልም።

አዳራሹን አልተቃወምኩም። አሮጌው ከጦርነቱ ወዲህ ጣሪያ የለውም፤ ወጣቶቹ የሚለማመዱት ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ነገር ግን ከግራና ከተማና ከየገጠሩ ለገበያ የሚመጣው ሰው አዳራሽ ገብቶ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው የመርሳ ጥበብ ጨውና ጋዝ ሊገዛ ሲመጣ የሚያየው ግድግዳ ነው። ስለዚህ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሬ ሄድኩ። ቀና ብዬ እያንዳንዱን አየሁ። ወልድያ ተመልሼ በረቂቁ ላይ አንድ አንቀጽ ጨመርኩ፦ «በዋናው መንገድ ዳር በእጅ የተሳሉ የሱቅ ሥዕሎች የከተማዋ ጥበብ ናቸው። ማንም አይነካቸውም፤ ባሉበት ይጠበቃሉ።»

የማን ሥራ እንደሆኑ አልጻፍኩም። መርሳ ውስጥ የማያውቅ የለም።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ይታገሱ አንቀጹን ሁለት ጊዜ አነበበው። ለሕዝብ ውይይት ይቅረብ ብሎ ብቻ መለሰልኝ።

ውይይቱ የተደረገው በአንድ ትምህርት ቤት ሰፊ ክፍል ውስጥ ነው። ባለሱቆች፣ ሹፌሮች፣ የኪነት ቡድኑ ወጣቶች፣ ጥቂት ሽማግሌዎች መጡ። ወጣቶቹ ድምፅ ማጉያ ጠየቁ። አንድ ሽማግሌ የባህል ቀኑ ከገበያ ቀን ጋር እንዳይጋጭ አሳሰቡ። አንድ ሹፌር ስለ መንገዱ ጉድጓድ ተናገረና ጉድጓድ ባህል አይደለም ተብሎ ተሳቀበት፤ ዕድሜውን ካያችሁት ቅርስ ነው ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ማሩ ተነሣ።

ማሩ ሠዓሊ ነው። ጌትነት እስኪሞት ድረስ የመርሳ ሁለተኛው ነበርኩ ይላል ራሱ፤ አንደኛ ያደረገኝ ሞት ነው ብሎ በየመጠጥ ቤቱ ይቀልዳል። ትልቅ ሰውዬ ነው፤ ድምፁም ሆዱም ከፊቱ ይቀድማል። የሥራ ሸሚዙን፣ ቀለም ያልነካው ቦታ የሌለውን፣ ሆነ ብሎ ለብሶት መጥቷል። አንቀጹን እንደገና እንዳነብለት ጠየቀኝ። አነበብኩለት።

«ማንም አይነካም ሲል፣ እኔም?» አለ።

«ማንም» አልኩ።

«እንግዲያው ፍሬ፣ የኮሚቴው ግራጫ በአንድ ቀን ይገድለኛል፤ አንቺ ደግሞ በአምስት ዓመት። የነሱ ይሻለኛል። አያቆዩኝም።»

ክፍሉ ሳቀ። ማሩ ስቀው እስኪጨርሱ ጠበቀና ነገሩን ማስረዳት ጀመረ። የሀብሩ ወረዳ ፀሐይ ቀለም አያስቀምጥም። የመርሳ ባለሱቅ ሥዕሉ ሲጠወልግበት ያሳድሳል፤ ፀጉር ቤቱ ለመስቀል፣ የክርስቲያን ሥጋ ቤት በሁዳዴ ተዘግቶ ሳለ፣ በሬው ለፋሲካ አዲስ ሆኖ እንዲውል። የተጠራው ሠዓሊ የቀድሞውን ሸፍኖ በላዩ የራሱን ይሠራል። ጌትነት የማሩን ሸፍኗል፤ ማሩም የጌትነትን። አንድ ጊዜ ጌትነት የእሱን ሙሽሮች ሸፍኖ በላያቸው የልብስ ስፌት መኪና ስለሳለ እስከ ጥምቀት ሰላም እንዳላለው ነገረን። ሰዉ አሁንም ሳቀ። ማሩ ግን መሳቁን ትቶ ነበር።

«በሕይወት ሳለ ተፈራርቀን ነበር የምንሠራው» አለ። «አሁን ሞቶ ግድግዳውን ሁሉ ይያዝብኝ ትሉኛላችሁ?»

አንዳንዱ እኔን አየ፤ አንዳንዱ መሬቱን። ማሩ ራሱ የተናገረውን የሰማው ከአፉ ከወጣ በኋላ መሰለኝ፤ ሸሚዙን እየጎተተ ቆመ።

ወረቀቴን አጠፍኩ። «ሌላ አስተያየት ያለው አለ?» አልኩ።

ስብሰባው ካለቀ በኋላ ይታገሱ ቢሮው ጠራኝ። ቆሞ ተቀበለኝ፤ ወንበር ራሱ ሳበልኝ። ጌትነት አስተምሮታል፤ እርሳስ መያዝ ያሳየኝ እሱ ነው አለኝ። ከዚያ ነገሩን በለሰለሰ አነጋገር አቀረበው። ሠዓሊዎቹ ራሳቸው አንቀጹን አልፈለጉትም፤ የመንገዱ ሥራ ደግሞ አይቆምም። ስለዚህ አንቀጹ ይውጣ። በምትኩ የእትዬ ወርቅነሽ በሬ አይቀባም፤ በመስታወት ይሸፈናል፤ ከሥሩ የጌትነት ስምና የልደትና የሞት ዘመኑ በነሐስ ተቀርጾ ይለጠፋል። ሲመረቅ እኔ ሪባኑን እቆርጣለሁ።

«ሐዘንዎን የማይረዳ የለም» አለኝ በመጨረሻ።

እስከዚያች ቃል ድረስ ልቀበለው እችል ነበር። ነገ እመልስልዎታለሁ ብዬ ወጣሁ። ወልድያ እስክደርስ ያንን የነሐስ ጽሑፍ በዓይኔ አየሁት። ያማረ ነበር። የሚያነበው ሰው አንድ ሠዓሊ እዚህ ነበረ ብሎ ያልፋል፤ ዘወር ሲል ግን ከመናኸሪያ እስከ ድልድይ ግራጫ ነው። ጌትነት በሕይወት ቢኖር ከዚያ ሁሉ ግራጫ መካከል የእሱ ብቻ በመስታወት ተለይቶ ሲቀር በዚያ በኩል ማለፍ ያፍር ነበር። እኔ ደግሞ ስሙን ተቀብዬ መንገዱን የሸጥኩ ሴት እሆናለሁ።

በማግስቱ አልቀበልም አልኩት።

«ለጋሼ ጌትነት መታሰቢያ ነበር እኮ» አለ።

«መታሰቢያ አልጠየቅሁም። እናንተ የጠየቃችሁኝ ዕቅድ ነው፤ ዕቅዱ ደግሞ ይሄ ነው።»

አንቀጹን ሳልለውጥ አስቀመጥኩለት። የማሩ ቃል ግን ከጆሮዬ አልወጣም። ተናድጄበት ነበር፤ ትክክል ስለሆነ ይሁን ስላዋረደኝ ለመለየት አልቸኮልኩም።

እትዬ ወርቅነሽ በሰሞነ ሕማማት ላሊበላ ሄዱ። ሥጋ ቤቱ በሁዳዴው ምክንያት ተዘግቶ ነበር። የኮሚቴው ቀለም ቀቢዎች የመጡት ያኔ ነው። ናሙና ይሁን ብለው ከመንገዱ መካከል ሁለት ግድግዳ ቀቡ፤ የእትዬ ወርቅነሽንና አጠገቡ ያለውን የኢዘዲንን ሥጋ ቤት። ኢዘዲን ግድግዳዬን አትቀቡ ብሎ ተከራክሯቸዋል፤ ትእዛዝ ነው ብለው አልፈውታል። ይታገሱ በኋላ ስልክ ደውሎ ሠራተኞቹ በተሳሳተ ቦታ ጀመሩ አለኝ። ድምፁ ያዘነ ይመስል ነበር። እውነቱን ይሁን አይሁን አልጠየቅሁትም፤ መልሱ ግድግዳውን አይመልሰውም።

ያየሁት ከሚኒባስ ውስጥ ነው። ረዳቱ «መርሳ ወራጅ» ሲል «አለ» ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ የወጣው መኪናው ድልድዩን ካለፈ በኋላ ነበር። ወረድኩና በእግሬ ተመለስኩ። ግድግዳው ንጹሕ ነበር። ቀቢዎቹ ሥራቸውን ያውቃሉ፤ ጠብታ እንኳ መሬት ላይ አላንጠባጠቡም።

እትዬ ወርቅነሽ ከፋሲካ ማግስት ደረሱ። ጓዛቸውን ሳያስቀምጡ በራቸው ፊት ቆመው ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ ወደ ኢዘዲን ዞሩ።

«ይህ የማን መቃብር ቤት ነው?» አሉት።

«የሁለታችንም ነው እትዬ» አላቸው። «አጥንታችንን ለይተው ይቅበሩን እንጂ።»

በሁለቱ ቤቶች መካከል አንድ ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። የእትዬ ወርቅነሽ ቤት ቀዩ በሬ ነበረው፤ ከበሬው በላይ ነጭ መስቀል። የኢዘዲን ቤት ጥቁርና ነጭ ፍየል ነበረው፤ ከፍየሉ በላይ ጨረቃና ኮከብ። ፍየሉ የማሩ ሥራ ነው። የእኛ አገር ሰው ጎረቤት ሆኖ ይኖራል፣ በሰርግም በለቅሶም አንዱ ከሌላው ቤት አይቀርም፤ ሥጋ ግን እያንዳንዱ ከራሱ ነው፤ ከየት እንደሚገዛ ደግሞ የሚነግረው ግድግዳው ነው። አሁን ሁለት ግራጫ በር፣ ሁለት የተሰቀለ ሙዳ፣ ነጭ ጋውን የለበሱ ሁለት ቆራጮች ብቻ ቀሩ። የታተሙት ታፔላዎች ገና በመንገድ ላይ ናቸው ይባል ነበር።

በቀጣዩ የገበያ ቀን እኔ እትዬ ወርቅነሽ ዘንድ ነበርኩ፤ አንቀጹን በተመለከተ ባለሱቆቹን እያነጋገርኩ። አያ አዳነ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ከውጭ ቆመው አየሁ። በእጃቸው በፌስታል የተቋጠረ ሥጋ ይዘዋል። አንዱን በር ያያሉ፤ ሌላውን ያያሉ፤ አይገቡም። እትዬ ወርቅነሽ አውቀዋቸው ምን ሆኑ ብለው ወጡ።

ነገሩ ቀስ እያለ ወጣ። አያ አዳነ ከግራና ወዲያ ካለ መንደር ናቸው። የሚካኤል ማኅበር ተራቸው ደርሶ ሥጋ ሊገዙ መጡ። ቤቱን የሚያውቁት በበሬው ነው። በሬው ቢጠፋባቸው ይሄ መሆን አለበት ብለው ወደ አንደኛው ገቡ፤ ቆራጩም ገዢ ነው ብሎ መዘነላቸው። መናኸሪያ ደርሰው መኪና ሲጠብቁ የአገራቸው ሰው ከማን ገዙ ብሎ ጠየቃቸው። ሲነግሩት ሳቀ፤ ከመቼ ጀምሮ ከኢዘዲን ይገዛሉ አላቸው። ያ ሥጋ ማኅበርተኛው ፊት ቢቀርብ ኖሮ ምን እንደሚባሉ እያሰቡ ያንን ሁሉ መንገድ በፀሐይ ተመልሰው መጡ።

ኢዘዲን ወጥቶ ሰማቸው። ሥጋውን በሁለት እጁ ተቀበላቸው፤ ገንዘባቸውን መለሰላቸው።

«ጥፋቱ የኔ ነው አባቴ» አላቸው። «አንቱን አይተን መጠየቅ ነበረብን። ግድግዳዬ እስከ ዛሬ እኔን ሳያስጠይቅ ይናገርልኝ ስለነበር ልማዱ የለኝም።»

«አንተ ምን አደረግህ ልጄ» አሉት አያ አዳነ። «እኔ በዕድሜዬ ቤት ስቼ አላውቅም።»

እትዬ ወርቅነሽ ጥሩውን ሽንጥ ቆርጠው ሰጧቸው። ሽማግሌው ተቀበሉ፤ ግን አልተጽናኑም። ሲሄዱ ሁለት ጊዜ ዞረው ግድግዳውን አዩት፣ የዋሻቸው ሰው ይመስል።

ኢዘዲን ወደ ኮሚቴው ሄዶ ነገረ። ታፔላው ሲመጣ ትንሽ መስቀልና ትንሽ ጨረቃ ከጥጉ ይደረግበታል፤ እስከዚያ ቆራጮቹ ገዢውን ይጠይቁ ተባለ። ኢዘዲን ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። የሚገባውን ሰው ሁሉ ሃይማኖትህ ምንድን ነው እያልኩ ደጄ ላይ ልቁም? ይህ መቼ በመርሳ ተደርጎ ያውቃል? አለን። እትዬ ወርቅነሽ መጋረጃቸውን ገፍተው ስልካቸውን አነሡና ማሩ ጋ ደወሉ።

ማሩ ብሩሾቹን ሳይዝ መጣ። እኔን ሲያይ ደፍ ላይ ቆመ። ከስብሰባው ወዲህ አልተያየንም። ይቅርታ ሊለኝ እንደሆነ ከአንገቱ ማቀርቀር አወቅሁ፤ እንዳይለኝ ብዬ ቀድሜ ግድግዳውን ምን ትለዋለህ አልኩት። ገባው። በቢላ ጫፍ ከግራጫው ትንሽ ፈነቀለ። ግራጫው ሲነሣ ከበታቹ ቀዩም አብሮ ተነሣ፤ ቅርፊቱን በመዳፉ ይዞ አሳየኝ። ባንድ በኩል ግራጫ፣ በሌላው ቀይ።

«ተያይዘዋል» አለ። «የታችኛውን ማውጣት አይሆንም።»

ከዚያ ስልኩን አወጣ። የጌትነትን በሬ ፎቶ አንሥቶት ኖሯል፤ በጥሩ ብርሃን፣ ከፊት ለፊት። ለምን አነሣኸው ብለው እትዬ ወርቅነሽ ሲጠይቁት ስሰድበው ማስረጃ እንዲኖረኝ ነው አላቸው። በካሬ በካሬ ከፋፍሎ ቢገለብጠው ሰኮናው ሳይቀር ያንኑ እንደሚያደርገው፣ ሌላ ጊዜ ለማንም እንዲህ ያለ ሥራ እንደማይሠራ፣ ለእኔ ግን እንደሚሠራ ተናገረ። ይህን ሲል ወደ ኢዘዲን ነበር የሚያየው።

«የሱን አድርገው» አሉ እትዬ ወርቅነሽ። «ለሷ ስትል።»

ሁሉም እኔን ጠበቁ። ስልኩን ከማሩ እጅ ወሰድኩ። ጌትነት ያንን በሬ በየሁዳዴው ያድሰው ነበር፤ ዓይኑን ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሳለው፤ ሲያድስ አይነካውም። ያ ዓይን ከየት እንደመጣ የማውቀው እኔ ነኝ። እዚህም አልጽፈውም። ፎቶውን እስኪበቃኝ አየሁትና ስልኩን መለስኩለት።

«የራስህን በሬ ሳል አያ ማሩ» አልኩት።

«የኔ በሬ ይዋጋል» አለ። «ኋላ የጌትነትን ትቶ የራሱን ሳለ ብለሽ እንዳታለቅሺብኝ።»

«አላለቅስብህም።»

«ፎቶውንስ ላጥፋው?»

«አታጥፋው። ላክልኝ።»

እነሱ ስለ ቀለም ሲነጋገሩ እኔ ከሥጋ ቤቱ ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩና አንቀጹን እንደ አዲስ ጻፍኩት። «በዋናው መንገድ ዳር ያለን የሱቅ ግድግዳ የሚስለው የሱቁ ባለቤት የመረጠው ሠዓሊ ነው። ከተማዋ ሠዓሊን ግድግዳ አትከለክልም፤ ሥዕሉንና ቀለሙንም አትወስንለትም። አዲስ ሥዕል አሮጌውን ሊሸፍን ይችላል።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ከጻፍኩ በኋላ ሁለት ጊዜ ሰረዝኳት፤ ሁለት ጊዜ መልሼ ጻፍኳት። ለማሩ አነበብኩለት። ራሱን ነቀነቀና ይህቺኛዋ አትገድለኝም አለ። ከዚያ በከተማው ውስጥ ሥዕል መማር የሚፈልግ ወጣት ከሠዓሊ ጋር ውሎ የሚለማመድበት መንገድም ይግባበት አለኝ። አስገባሁት።

ለይታገሱ የሰጠሁት ሰኞ ነው። ቆሞ አልተቀበለኝም። ቀቢዎቹ ማክሰኞ ከመናኸሪያው ጫፍ እንደሚቀጥሉ ነገረኝ። በዚህ አንቀጽ ዕቅዱ ሊቀርብ አይችልም፤ ሌላ ባለሙያ ይመደባል፤ በሽፋኑ ላይ የኔ ስም አይኖርም።

«ስሜን ያውጡት» አልኩት። «አንቀጹን ማውጣት ከፈለጉ ግን ያንኑ ሰው ሰብስበው፣ እፊቱ ቆመው አወጣሁት ይበሉት።»

«ይህ ነገር ለእርስዎ የግል ጉዳይ ሆኖብዎታል።»

«የግል ጉዳዬን ቀቡት፤ አልቋል። የቀረው የሰዉ ነው።»

ከቢሮው ወጥቼ ለእትዬ ወርቅነሽና ለኢዘዲን የማክሰኞውን ነገርኳቸው፤ እነሱም ለመንገዱ ሁሉ አዳረሱት።

ማክሰኞ ጠዋት ከወልድያ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ያዝኩ። ስደርስ መንገዱ ነቅቷል። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ወንበሮቹን አውጥቶ ሦስቱን ወንዶች የሚያድስ ሰው አስጠርቷል፤ ጎሚስታው የጎማውን ክንፍ ራሱ በነጭ እያጠናከረ ነው፤ መጥፎ አድርጎ፣ ግን በድፍረት። እትዬ ወርቅነሽ በር ላይ ማሩ መሰላል ተክሏል። የእግረኛው መንገድ ስለተሰነጣጠቀ መሰላሉ አንድ እግሩ አየር ላይ ነው። ያዥልኝ አለኝ። ቦርሳዬን ለኢዘዲን ሰጥቼ ያዝኩለት።

ማሩ ክሩን በጠመኔ አሽቶ ከዳር እስከ ዳር ወጠረና ለቀቀው። ግራጫው ላይ ቀጥ ያለ ነጭ መስመር ወደቀ።

«ኮሚቴው እግዜር ይስጠው» አለ ከላይ ሆኖ መንገዱ ሁሉ እንዲሰማ። «እንዲህ ያለ የሥዕል መደብ ቀብቶ የሰጠኝ አሠሪ አግኝቼ አላውቅም።»

መጀመሪያ የጀርባውን መስመር አወጣ፤ ከዚያ አንገቱን ወደ ታች ጎንበስ አደረገው። የጌትነት በሬ ቀና ብሎ ነበር የሚቆመው። እትዬ ወርቅነሽ ከበሩ ወጥተው አዩትና ከሲታ ነው አሉ፤ ማን ከዚህ ሥጋ ይገዛል? ማሩ ገና አጥንቱ ነው፣ ሥጋውን የሚያለብሰው ቀዩ ነው፣ ትንሽ ይታገሡ አላቸው። እሳቸው ግን አልታገሡም፤ ሽንጡን ሰፋ፣ ሻኛውን ከፍ እያሉ ከታች ያዝዙት ጀመር።

ቀቢዎቹ መጡ። ባልዲያቸውንና በረጅም እንጨት ላይ የታሠረ ሮለራቸውን ይዘው ከመናኸሪያው ሲነሡ በየግድግዳው ፊት ሰው አገኙ። እዚህም መሰላል፣ እዚያም መሰላል። ማንም አልሰደባቸውም፤ ማንም ግን ዘወር አላለላቸውም። አለቃቸው ቀለሙ እስኪደርቅ እንጠብቅ ይሆን ብሎ ኢዘዲንን ጠየቀው። የዘይት ቀለም ነው፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ቁጭ በሉ፣ አብሽሩ፣ እስኪደርቅ ሻይ አላጣም አላቸው። ከቀቢዎቹ ሁለቱ ተቀመጡ።

የይታገሱ መኪና የመጣችው ማሩ የቀዩን ቀለም ቆርቆሮ ሲከፍት ነው። ይታገሱ ወርዶ ግድግዳውን አየ፣ ወደ ፀጉር ቤቱ አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ መጣ። አልጮኸም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለእኔ ብቻ እንዲሰማ ነበር የተናገረው።

«ወይዘሮ ፍሬሕይወት፣ እርስዎ የመንግሥት ሠራተኛ ነዎት። እባክዎ ከዚህ ይነሡ።»

«መሰላሉን ይዣለሁ» አልኩት።

«ሌላ ሰው ይያዘው።»

«ሌላ ሰው የለም።»

ዙሪያችንን መንገዱ ሙሉ ሰው ነበር። ኢዘዲን ከነቆራጩ፣ እትዬ ወርቅነሽ፣ ሻይ የያዙት ቀቢዎች፣ ከመናኸሪያ የመጡ ሹፌሮችና ረዳቶች። ይታገሱ አንድ በአንድ አያቸው። መሰላሉን ልያዝ ብሎ እጁን ያነሣ የለም።

ማሩ ቀዩን ቀለም ብሩሹ ላይ አስተካክሎ ቀንዱን ጀመረ፤ መሰላሉ ተወዛወዘ፤ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት።